ለሽርሽር ወደ ተከዜ ይወረዳልን?

በዚህ ሴሚስተር የምግብ አዳራሻችንን ጠረጴዛ ለሁለት የከፈለው ክርክር የፈተና ወይም የምርጫ ጉዳይ ሳይሆን የአንዲት ድንኳን ጉዳይ ሆኖ ሰንብቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በሚመጣው ዕረፍት ከሰቆጣ ተነሥተው ወደ ኒሯቅ በመውረድ፣ ቅዳሜንና እሑድን በተከዜ ሸለቆ በእግራቸው ሲጓዙ ውለው በድንኳን ለማደር አስበዋል። ሁለቱ እንደሚዋደዱ ግቢው ሁሉ ያውቃል። እሷ የኒሯቅ ልጅ ናት፤ እሱ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው።

ሐሳባቸው እንደተሰማ ከሦስት አቅጣጫ ተቃውሞ ተነሣ። አንደኛው ወገን «ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» አለ። ሁለተኛው ወገን «ያልተጋቡ ወንድና ሴት በበረሃ አብረው ማደራቸው ነውር ነው» አለ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ «ብዙ መከራ ባየ አገር ላይ ለመዝናናት መሄድ በሰው ሐዘን ላይ መጨፈር ነው» ሲል ፈረደ። ሦስቱም ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። ስለዚህ በየተራ መርምረን የበኩላችንን አስተያየት ለመስጠት እንወዳለን። አቋማችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ ጉዞውን እንደግፋለን፤ ድጋፋችን ግን ሁኔታዎች አሉት፤ ሁኔታዎቹም ቀላል አይደሉም።

በመጀመሪያ ስለ ፈረንጅ ቅብጠት እንነጋገር። በእግር መጓዝንና በድንኳን ማደርን ለእኛ ያስተማረን ፈረንጅ አይደለም። ነገሥታቶቻችን ለብዙ ዘመን ዋና ከተማቸው ድንኳን ነበር። ሲራራ ነጋዴው አሞሌውን ጭኖ ከአፋር ጨው ሜዳ በትግራይ በኩል እስከ ሰቆጣ ገበያ ሲመላለስ በየሰፈሩ ያድር ነበር። ተሳላሚው ከየአገሩ ተነሥቶ ላሊበላ የሚደርሰው በእግሩ ነበር። በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ሳይበላሹ እንዲሰነብቱ ሆነው የተዘጋጁ የመንገደኛ ስንቆች ናቸው። ዛሬ ውጭ አገር በሚያምር ወረቀት ተጠቅልሎ ለተራራ ወጪዎች የሚሸጠው ምግብ ከእናቶቻችን በሶ የሚበልጠው በዋጋው ብቻ ይመስለናል።

«እነዚያ የሄዱት ለሥራና ለጸሎት ነው፤ እናንተ የምትሄዱት ለደስታ ነው» የሚሉን ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ልዩነት አለ። ነገር ግን ደስታችንን ዛሬ የምናገኘው ከየት ነው? ከቡና ቤት ወንበርና ከስልክ መስታወት አይደለምን? ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው የሚል ካለ ይነሣና ይናገር። ደርቭላ መርፊ የተባለች የአየርላንድ ሴት እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻና በ1967 መጀመሪያ አንዲት በቅሎ ይዛ ከምጽዋ ተነሥታ በእግሯ ተጉዛ አዲስ አበባ ገብታለች፤ ያየችውንም ጽፋ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትማለች። አገራችንን በእግሩ ለክቶ የሚያውቃት ሁልጊዜ የሌላ አገር ሰው ብቻ መሆን ያለበት ለምንድን ነው?

እኛ የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ዋግ የምናውቀው ጥቂት ነገር በፈተና ወረቀት ላይ ያለቀ ነው። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው መንገሣቸውን እንጽፋለን። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ መሠዋታቸውን እንጽፋለን። ይሁን እንጂ አርበኛው የወጣበት አቀበት ምን ያህል እንደሚያደክም፣ ከደጋው ወደ ቆላው ሲወረድ አየሩ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ኽምጣና የሚናገር ሰው ለእንግዳ ሰላምታ እንዴት እንደሚሰጥ የምናውቅ ስንት ነን? አገርን በዓመተ ምሕረት ብቻ ማወቅ ሰውን በመታወቂያ ወረቀቱ ብቻ እንደማወቅ ነው።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር እናስታውስ። የኢትዮጵያ ተማሪ ወደ ገጠር የሄደባቸው ሁለት ታላላቅ ጊዜያት አሉ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በሚባለው ደንብ ተማሪዎች አንድ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣና ተማሪው ባላገሩን ሊያነቃና ሊያደራጅ ተሰማራ። ሁለቱም ብዙ በጎ ነገር ሠርተዋል፤ ሁለተኛው ብዙ ሥቃይም ነበረበት። በሁለቱም ጊዜ ግን ተማሪው የሄደው አስተማሪ ሆኖ ነው። ባላገሩ ተማሪ፣ እኛ መምህር። እንግዳ ሆኖ፣ ጠያቂ ሆኖ፣ መንገድ ምራኝ ብሎ የሄደ ጥቂት ነው። የሁለቱን ጓደኞቻችንን ጉዞ እንድንደግፍ ካደረጉን ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ተቃውሞ እንለፍ። ስለ ነውር በተነሣው ክርክር ሁሉ የልጅቱ ስም ሲነሣ ሰንብቷል። «ቤተ ሰቦቿ ምን ይላሉ?»፣ «ወደፊትስ ማን ያገባታል?» ሲባል በጆሯችን ሰምተናል። ስለ ልጁ ክብር የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልሰማንም። ነውሩ የጋራ ከሆነ ጥያቄውም የጋራ መሆን ነበረበት። ለአንዱ ብቻ የሚመዘን ክብር ሚዛኑ የተሰበረ ነው።

ደግሞም ይህች ልጅ የምትሄደው ወዴት ነው? ወደ ተወለደችበት አገር ነው። እኛ «በረሃ» የምንለውን ቦታ እሷ «እኛ ቤት» ትለዋለች። በልጅነቷ ፍየል ስትጠብቅ የወጣችበትንና የወረደችበትን መንገድ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆና፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ከምትወደው ሰው ጋር ልትሄድበት አይገባም ማለት ጥበቃ ሳይሆን እስራት ነው። የአገሩ ደንብ መከበሩ ግን ተገቢ ነው። ሁለቱም ይህን አልዘነጉም። ለቤተ ሰቦቿ አስቀድመው አስታውቀዋል፤ ወንዱ ለብቻው፣ ሴቲቱ ከታናሽ እኅቷ ጋር እንዲያድሩ ሁለት ድንኳን ሊይዙ ተስማምተዋል፤ መንገዱንም የሚመራቸው አጎቷ ናቸው። ባላገሩ መንገድ ላይ አግኝቷቸው «ምንህ ናት?» ብሎ ቢጠይቅ ልጁ የሚያፍርበት መልስ አይኖረውም። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ነውር ነው የሚል ካለ፣ የሚያስነውረው ጉዞው ሳይሆን ወንድና ሴት ተማሪዎች መዋደዳቸው ነው ማለት ነውና፣ ያንኑ በግልጽ ቢነግረን ይሻላል።

በበኩላችን፣ መተዋወቅ ለሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ከቡና ቤት ይልቅ ገደል ይሻላል ባዮች ነን። በቡና ቤት ሁሉም ሰው ጨዋ ነው። ሙቀት ሲበረታ፣ ውሃ ሲያንስ፣ እግር ሲላጥ ግን የቀረውን ውሃ ማን አስቀድሞ ለማን እንደሚሰጥ ይታያል። በዚህ ጉዞ ላይ ደግሞ አዋቂዋ እሷ ናት፤ እሱ ተከታይ ነው። በከተማ ያደገ ወንድ በዕውቀት ከምትበልጠው ሴት ኋላ ኋላ ሁለት ቀን ሙሉ መሄዱ ብቻውን ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ድንኳን በእኛ አገር ብዙ ትርጉም አለው። የሰርግ ድንኳን አለ፤ የለቅሶ ድንኳን አለ። በዋግ ኽምራ ደግሞ በቅርብ ዓመታት የተፈናቃይ ድንኳን ተጨምሯል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሰው ቀዬውን ጥሎ ወደ ሰቆጣና ወደ አካባቢዋ ተሰዶ በድንኳንና በላስቲክ ሥር ኖሯል። ያ ቁስል ሳይሽር ዝናብ ቀረና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ አበርገሌን፣ ዝቋላንና ሰሃላን መታ። እናት ልጇን አዝላ በላስቲክ ሥር ያደረችበትን አገር ልጅቱና ልጁ ባለ ዚፕ ድንኳን ተክለው ሊያድሩበት ነው። ይህን ሰምቶ ልቡ ያልተረበሸ ሰው ቢኖር ልንመክረው አይቻለንም።

ሌላም አለ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ለማጥፋት ቃል ሲገባ ለቃል ኪዳኑ የተሰጠው ስም የሰቆጣ ነው። ከኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ መካከል የሰቆጣ ስም ለዚህ የተመረጠው ለክብር ብቻ አልነበረም፤ የተከዜ ተፋሰስ የረኀብን ታሪክ አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ «አትሂዱ» ማለት የቀና መልስ ይመስላል። እኛ ግን አንቀበለውም። መራቅ አክብሮት ነው የሚለው አስተሳሰብ ለሩቁ ሰው የሚመች ነው፤ ምንም አያስከፍልምና። ለቅሶ ቤት እንኳ የምንሄደው የሟች ቤተ ሰብ ብቻውን እንዳይቀር ነው፤ ሰንበት ብሎም ወዳጅ ሊያጫውት ይመጣል። አንድ አገር በእኛ ዘንድ ስሙ የሚነሣው በድርቅና በጦርነት ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ የአገሩ ልጆች ሰው መሆናቸው ቀርቶ የዜና ርእስ ይሆናሉ። ልጅቱ ራሷ በክርክሩ መካከል የተናገረችው ይህንኑ ነበር፤ ሰዎች አገሯን ሲያዝኑላት እንጂ ሲያደንቁላት ሰምታ እንደማታውቅ ነገረችን። ከዋግ ነጭ ማር ይወጣል፤ ከሰቆጣ አጠገብ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ ቆሟል፤ በቆላው የዕጣን ዛፍ ይበቅላል፤ በተከዜ ሐይቅ ዓሣ ይሰገራል። ይህን ማየት መከራውን መርሳት አይደለም።

የተከዜንም ሸለቆ እኛ ሳናየው እየተጠቀምንበት ነው። የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠናቀቅ ቁመቱ 188 ሜትር፣ የማመንጨት ኃይሉ 300 ሜጋ ዋት ሆኗል። ከግድቡ የሚወጣው ኃይል የሚገባው በአገሪቱ የመብራት መረብ ውስጥ ነው። ይህን መጽሔት የሚያባዛልን መሣሪያ ከሚዞርበት ኃይል ጥቂቱ ከዚያ ገደል የመጣ ሊሆን ይችላል። የዚያን ገደል ብርሃን ተበድረን መጽሐፍ የምናነብ ሰዎች ስሙንና ሰዉን ማወቅ ዕዳችን ነው።

እንግዲህ ጉዞው ይደገፍ ከተባለ፣ የሚያሠጋን ዋና ነገር ይህ ነው፤ ተጓዥ «በረሃ» ሲል ባዶ ቦታ ማለቱ እንዳይሆን። ይህ ስሕተት በዓለም ላይ ብዙ ጉዳት አድርሷል። በአሜሪካ ግራንድ ካንየን የሚባለው ታላቅ ሸለቆ በየዓመቱ በብዙ ሚሊዮን ሰው ይጎበኛል። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ከጎብኚ በፊት ሃቫሱፓይ የሚባሉ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 መንግሥት መሬታቸውን አጥብቦ 518 ኤከር ብቻ ተወላቸው። እ.ኤ.አ. በ1919 ሸለቆው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ከተወሰደባቸው መሬት 185,000 ኤከር ያህል የተመለሰላቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ያውም ከብዙ ሙግት በኋላ። የጎብኚው ዐይን ውበቱን ሲያይ ባለቤቱን ሳያይ ቀርቷል። በእኛም አገር ከተከዜ ማዶ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ለዱር አራዊቱ የሚያስፈልግ ነበር የሚሉ አሉ፤ ምክንያታቸውንም አንንቅም። ሆኖም ለውበትና ለጎብኚ ሲባል ከቤቱ የሚነሣው ሰው ሁልጊዜ ድኻው መሆኑን ልብ እንበል።

ስለዚህ ድጋፋችንን የምንሰጠው ከዚህ በታች ባሉት ሁኔታዎች ነው።

1ኛ፤ ጉዞው የሚወሰነው በሰላም ነው። የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያሳለፈውን ሁላችንም እናውቃለን። ከመነሣታቸው በፊት የወረዳውን አስተዳደር፣ የአገር ሽማግሌዎችንና ቤተ ሰቦቿን ይጠይቁ። «ዛሬ አይሆንም» የሚል ቃል ከመጣ የአውቶቡስ ትኬት ተቆርጦ ቢሆን እንኳ ይቅር። ጀግንነት እዚህ ላይ ቦታ የለውም፤ እንግዳ ሲጠፋ የሚጠየቀው ባላገሩ ነውና።

2ኛ፤ ለመሪውና ለአጋሰስ ባለቤቱ የሚከፈለው አስቀድሞ ይቆረጥ፤ ዘመድ ቢሆኑም ይከፈል። እህላቸውን ከሰቆጣ ይዘው ይውረዱ። ዝናብ በጠፋበት ዓመት በትንሽ ገበያ ላይ እህል የሚገዛ መንገደኛ ዋጋ ያስወድዳል። ሊሸጥ ከወደደ ሰው ማር፣ ዓሣ ወይም ፍየል ቢገዙ ግን ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። በቆላ ፍየል ላይ ከባለቤቱ ጋር እስከ መጨረሻ ሳንቲም የሚከራከር ተማሪ ጓደኛችን እንዳይባል።

3ኛ፤ ገደሉን ይፍሩት። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ የተከዜ ሐይቅ ግን ከ1,200 ሜትር በታች ነው። በሺሕ ሜትር ቁልቁለት ሙቀቱ ወደ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር የደጋ ሰው ሳያውቀው ይሸነፋል። ተራራ የሚወጣ ሰው ሲደክመው ወደ ታች ይመለሳል፤ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ግን አቀበቱን የሚያገኘው ከደከመ በኋላ ነው። በከባድ ሙቀት አቀበት የሚወጣ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሊያልበው ስለሚችል፣ ለአንድ ሰው በቀን ከአራት ሊትር ያላነሰ ውሃ፣ ጨው ያለበትም ምግብ ያስፈልጋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ይሂዱ፤ ከዚያ በጥላ ይረፉ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ይነሡ። ድንኳን በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ አይተከልም፤ እላይ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቆላ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። በተከዜ አዞ ስላለ ዋና የሚያምረው ሰው ሰቆጣ ተመልሶ ይታጠብ። የወባ አጎበርም አይረሳ።

4ኛ፤ የሰውን ፊት ያለ ፈቃዱ በስልክ አያንሡ። ውሃ የተሸከመች ሴት ለእኛ የግድግዳ ጌጥ አይደለችም። ለሕፃናት ከረሜላ እየበተኑ መንገድ ላይ ቆመው እንዲለምኑ አያስተምሩ፤ መርዳት የፈለገ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ደብተር ይስጥ። ለእሳት የዕጣን ዛፍ አይቆረጥም፤ የአንድ ሌሊት ሙቀት የአንድን ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ገቢ ሊበላ ይችላልና። ቆሻሻቸውን ይዘው ይውጡ። ልጁም ከመሄዱ በፊት ቢያንስ ሰላምታና ምስጋና በኽምጣና ይማር፤ አስተማሪዋ አጠገቡ ስላለች ምክንያት የለውም።

«ለሁለት ቀን ሽርሽር ይህን ያህል ሕግ?» ብሎ የሚስቅ ይኖር ይሆናል። ሕጉ የበዛው ቤቱ የሰው ስለሆነ ነው። ወደ ሰው ቤት ስንገባ ጫማችንን እንጠርጋለን፤ ቁጭ በሉ እስክንባል እንቆማለን፤ የቀረበልንንም አናማርጥም። ይህን ከልጅነታችን ጀምረን የተማርነው ነው። የጠየቅነው ይኸው የቤት ጨዋነት ወደ ቆላም አብሮን እንዲወርድ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ለተማሪዎች ማኅበር አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ማኅበሩ የኳስ፣ የቴያትርና የክርክር ክበብ አለው፤ የእግር ጉዞ ክበብ ግን የለውም። ይቋቋም። ደንቡም አጭር ይሁን፤ እያንዳንዱን ጉዞ የሚመራው የዚያ አገር ተወላጅ የሆነ ተማሪ ይሁን። የዋግ ልጅ ወደ ተከዜ፣ የአፋር ልጅ ወደ ዳሎል፣ የጋሞ ልጅ ወደ ጨንቻ፣ የባሌ ልጅ ወደ ሳነቴ ይምራን። ከየብሔረሰቡ ተሰብስበን በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ዓመት ስንኖር የአንዳችንን አገር ሌላችን ሳናይ ተመርቀን የምንለያይ ከሆነ፣ አንድ ላይ መመገባችን የወጥ ቤቱን ሥራ ከማቅለል በቀር ምን ጥቅም ሰጠ? እርስ በርሳችን የምንጣላባቸውን ስሞች ካርታ ላይ ብቻ ስለምናውቃቸው መጣላቱ ቀሎናል። ሰው ውሃ የሰጠውን መንደር ለመጥላት ጥቂት ጊዜ ይወስድበታል።

ማኅበሩ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ይህን ጉዳይ በአጀንዳው ውስጥ አግብቶ እንዲወያይበት፣ የሚቃወሙም ወንድሞችና እኅቶች ምክንያታቸውን በዚሁ መጽሔት እንዲያቀርቡ በአክብሮት እናሳስባለን። ለሁለቱ ጓደኞቻችን ደግሞ የምንለው ይህን ነው፤ ሰላም ሲሆንና ቤተ ሰብ ሲፈቅድ በጊዜ ተነሡ፤ ውሃ አታሳንሱ፤ ስትመለሱም ያያችሁትን ጽፋችሁ አምጡልን። ጽሑፉን ልጅቱ ብትጀምረው እንመርጣለን፤ አገሩ የእሷ ነውና።